መብራቱ ማንን ነው የሚሰማው?



ውድ አንባቢዎቻችን፣ በዚህ መንፈቀ ዓመት ከመግሪብ እስከ ዒሻ ባለችው ጊዜ ሦስት አራት ወንድሞች ጎናችን ተቀምጠው የጠየቁን ጥያቄ አለ። "ስማርት አምፖል ተልኮልኛል፤ በስልኬ በድምፅ ሳዘው አልሰማ ይላል፤ ምኑ ነው የተበላሸው?" የሚል ነው። አንዲት እህትም ይህንኑ በወረቀት ጽፋ ልካልናለች። ለእያንዳንዱ ከምንደጋግመው በጀመዓችን መጽሔት ላይ ቢቀመጥ ይሻላል ብለን ይኸው ብዕር አነሳን።

እኛ የፎንቆ ልጆች ነን፤ የአክስትና የአጎት ልጆች። ግማሹን ቀን መድረሳ፣ ግማሹን ቀን የመንግሥት ትምህርት ቤት እየተመላለስን አደግን፤ ዛሬ ሁለታችንም እዚህ ግቢ ኤሌክትሪካል ኢንጂነሪንግ እንማራለን። ፎንቆን የማያውቅ ካለ፣ በሀዲያ ዞን የአንሌሞ ወረዳ ዋና ከተማ ነች፤ ትልቋ ጎረቤታችን ሆሳዕና ናት። በድምፅ ስለሚታዘዝ ቤት ያወቅነውን ያህል ያወቅነው ከላብራቶሪ ይልቅ እዚያው ፎንቆ፣ በአያታችን መኝታ ክፍል ውስጥ ነው።

አያታችን ሰባ ዓመት አልፏቸዋል። ጉልበታቸው አይታዘዝም፤ ዓይናቸውም ደክሟል። እንዲያም ሆኖ ለሱብሒ ከቤተሰቡ ሁሉ ቀድመው የሚነሱት እሳቸው ናቸው። የክፍላቸው ማብሪያ ማጥፊያ በሩ ጎን ነው፣ አልጋቸው ደግሞ ከማዶ። በመካከሉ ያለውን ጨለማ በየሌሊቱ በእጃቸው እየዳበሱ ያቋርጡታል። አንድ ሌሊት የውዱእ ማንቆርቆሪያው አደናቀፋቸውና ወደቁ። አልሐምዱሊላህ፣ አጥንት አልተሰበረም፤ እጃቸው ግን ለሁለት ሳምንት አብጦ ሰነበተ። ደቡብ አፍሪካ ያለው አጎታችን ይህን ሲሰማ አንድ ስማርት አምፖልና አንድ ደህና ስልክ በሰው እጅ ላከ። "ከእንግዲህ እማማ ከአልጋቸው ሳይወርዱ ይናገሩ፤ መብራቱ ይበራል" አለ። ነገሩ እንደ አፉ ቢቀል ኖሮ ይህን ጽሑፍ ባልጻፍነው።

ወደ ጥያቄው እንግባ። አንድ ሰው ተናግሮ አምፖሉ እስኪበራ ድረስ ድምፁ የሚሄደውን መንገድ ማወቅ ያስፈልጋል። ድምፁ መጀመሪያ የስልኩ ማይክ ላይ ያርፋል። ከዚያ በኢንተርኔት ወደ ድምፅ ረዳቱ ኩባንያ ኮምፒውተሮች ይሄዳል። እዚያ ወደ ጽሑፍ ይቀየራል፤ ጽሑፉ ምን ማለት እንደሆነ ይተረጎማል። ትእዛዙ ከዚያ ወደ አምፖሉ አምራች ኮምፒውተር ይተላለፋል። እሱ ደግሞ ትእዛዙን መልሶ በኢንተርኔት ወደ ቤታችሁ ዋይፋይ ይልከዋል፤ ዋይፋዩ ለአምፖሉ ያደርሳል። ከአልጋ እስከ ጣሪያ ያለችው ሦስት ሜትር እንዲህ ባሕር ማዶ ደርሳ ትመለሳለች። ከእነዚህ ቀለበቶች አንዷ ብትላቀቅ ለተናጋሪው የሚታየው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መብራቱ አልሰማም። ለዚህ ነው ብዙ ሰው ችግሩን ከድምፁ የሚፈልገው። እየጮኸ ይደጋግመዋል። ጩኸት ግን ከአምስት ብልሽት አንዱን እንኳ አይጠግንም።

ፍለጋው ከሰውየው አፍ ሳይሆን ከአምፖሉ ይጀምር። መጀመሪያ ግድግዳው ላይ ያለውን ማብሪያ አብሩና አምፖሉ ራሱ መብራቱን እዩ። ከዚያ የስልኩን አፕ ከፍታችሁ በጣት ንኩት። በጣት ሲነካ ከበራ አምፖሉም፣ ዋይፋዩም ደህና ናቸው ማለት ነው፤ ጥፋቱ በድምፁ በኩል ነው። በጣትም ካልበራ ስለ ድምፅ ማሰብ ትታችሁ ወደ ዋይፋዩ ሂዱ። ይህች አንዲት ሙከራ የችግሩን ግማሽ ወዲያው ትቆርጠዋለች።

እኛ ቤት የመጀመሪያው ብልሽት በጣም ተራ ነበር። ስማርት አምፖል የግድግዳው ማብሪያ ሁልጊዜ እንደበራ መቆየት አለበት፤ አለበለዚያ ኤሌክትሪክ ስለማያገኝ ሊሰማም ሊመልስም አይችልም። እኛ አገር ደግሞ ከክፍል የሚወጣ ሰው መብራት አጥፍቶ ነው የሚወጣው፤ ያላጠፋ ልጅ ይቆጣሉ። በቀን ሦስት ጊዜ አንድ ሰው እየገባ ያጠፋዋል፤ ስልኩ "መሣሪያው አልተገኘም" ይላል። ለቤተሰቡ ብናስረዳም ልማድ በአንድ ቀን አይለቅም። በመጨረሻ ማብሪያው ላይ ፕላስተር ለጠፍንበት። ፕላስተሩ ከማንኛውም ማብራሪያ በላይ ሠርቷል።

ሁለተኛው የዋይፋዩ ነገር ነው። እንደነዚህ ያሉ ርካሽ አምፖሎች ብዙዎቹ የሚሠሩት በ2.4 ጊጋኸርዝ ዋይፋይ ብቻ ነው። አዳዲስ ስልኮች ሆትስፖት ሲከፍቱ በ5 ጊጋኸርዝ ሊከፍቱት ስለሚችሉ አምፖሉ ጨርሶ አያየውም። በሆትስፖቱ ሴቲንግ ውስጥ ወደ 2.4 መለወጥ ይበቃል። ግን የእኛ ቤት ትልቁ ችግር ከዚህ ይለያል። ራውተር የለንም፤ የቤቱ ኢንተርኔት የሚመጣው ከአንድ ሰው ስልክ ነው። ያ ሰው ገበያ ሲወጣ የቤቱ "ብልህነት" አብሮት ገበያ ይወጣል! መፍትሔው እንዲህ ነው፤ በቤቱ ባሉ ስልኮች ሁሉ ላይ የሆትስፖቱን ስምና የይለፍ ቃል አንድ ዓይነት አድርጉ፤ ፊደሉ ትልቅና ትንሹ ሳይቀር ይመሳሰል። አምፖሉ የሚያውቀው ስሙንና የይለፍ ቃሉን እንጂ የማን ስልክ እንደሆነ አይደለም፤ የትኛውም ሲከፈት ይገናኛል።

ሦስተኛውን ለማግኘት ሁለት ሌሊት ፈጅቶብናል። አምፖሉ በገዛ ራሱ ሌሊት ብልጭ ድርግም ማለት ይጀምራል፤ አያታችን "ጂን ገባበት እንዴ?" እስኪሉ ድረስ። ምክንያቱ ይህ ነው። እንዲህ ያሉ አምፖሎች እንደ አዲስ እንዲመዘገቡ የሚደረገው ማብሪያውን በተከታታይ ሦስት ወይም አምስት ጊዜ በማጥፋትና በማብራት ነው። መብራት መጣ ሄደ፣ መጣ ሄደ በሚልበት ሌሊት አምፖሉ ሰው ሆን ብሎ እያጠፋ የሚያበራው ይመስለዋል፤ የነበረውን ምዝገባ ይረሳና አዲስ ጌታ መፈለግ ይጀምራል። ይህን አምራቹ አላሰበበትም ብለን አንቀየመውም። መብራት በተከታታይ አምስት ጊዜ የሚቆራረጥበትን ሌሊት የማያውቅ ሰው እንዴት ያስበዋል? አንዳንዱ አፕ ውስጥ ይህን የሚያጠፋ ምርጫ አለ፤ ካገኛችሁት አጥፉት። ኤሌክትሪክ ሲመለስ አምፖሉ በርቶ ይምጣ ወይስ ጠፍቶ የሚለውንም እዚያው አስተካክሉ፤ አለበለዚያ በሌሊት ዘጠኝ ሰዓት መብራት ሲመጣ ቤተሰቡ ሁሉ ይነሳል።

እስከዚህ ያለው በየትኛውም ቤት የሚገጥም ነው። ቀጥሎ ያለው ግን የእኛ ነው።

አምፖሉ በጣት ሲነካ መሥራት ከጀመረ በኋላ አያታችንን አስጠጋንና "እማማ፣ ይናገሩ" አልናቸው። የላከው ስልክ ላይ ያለው የድምፅ ረዳት የቋንቋ ዝርዝር ውስጥ አማርኛ የለም፤ ሀዲይኛማ የሚታሰብም አይደለም። ስለዚህ በእንግሊዝኛ ማዘዝ ነበረባቸው። የረዳቱን መጥሪያ ለማስጠናት ሁለት ቀን ሞከርን። ከዚያ አንድ ብልሃት ተጠቀምን። ረዳቶቹ "ይህን ቃል ስልህ ይህን አድርግ" የሚባልበት ምርጫ አላቸው። በእንግሊዝኛም በእሳቸውም አፍ በደንብ የሚወጣ ቃል ስንፈልግ "ባናና" አገኘን። ባናና ሲባል መብራቱ በራ! የሰፈር ልጆች በመስኮት እያዩ ፈነደቁ። አያታችን ቃሉ ምን ማለት እንደሆነ ጠየቁን። ሙዝ ማለት ነው አልናቸው። ጥቂት ሳቁ፤ ከዚያም ኮስተር ብለው "በገዛ ቤቴ መብራት ለማብራት ሙዝ ልጥራ? እኔ ቋንቋ የለኝም?" አሉ። ከዚያ ቀን በኋላ ባናና አላሉም።

ኢንጂነር ነን ባዮች መልስ አጣን። ሥራው ይሠራል፤ ሙከራው ተሳክቷል፤ ተጠቃሚዋ ግን እምቢ ብለዋል። እውነቱን ለመናገር እምቢታቸው ልክ ነው።

ለማሽን አንድ ቋንቋ የሚገባው ሰው በዚያ ቋንቋ ብዙ ተናግሮለት፣ የተናገረው ደግሞ ተጽፎለት ሲገኝ ነው። የአፕሉ ሲሪ እ.ኤ.አ. በ2011፣ የአማዞኑ አሌክሳ በ2014፣ የጎግሉ ረዳት በ2016 ነው የወጡት። ጎግል አማርኛን በ2017 ከስዋሂሊ ጋር በድምፅ ከሚጽፋቸው ቋንቋዎች ተርታ ጨምሮታል፤ ስለዚህ ስልካችሁ ላይ አማርኛ ተናግራችሁ መልእክት ማስጻፍ ትችላላችሁ። መጻፍ ግን ሌላ፣ መታዘዝ ሌላ ነው። ለአማርኛ ንግግር ምርምር ከተሠሩት ቀደምት ስብስቦች አንዱ እ.ኤ.አ. በ2005 ይፋ የሆነው ሲሆን የ100 ሰዎችን ንባብ፣ 20 ሰዓት ያህል የያዘ ነው። በ2022 የወጣው ዊስፐር የተባለው የንግግር መለያ በ680,000 ሰዓት ድምፅ ነው የሠለጠነው፤ ከዚህ ውስጥ ሲሶ ያህሉ ብቻ ነው ከእንግሊዝኛ ውጭ ላሉ ቋንቋዎች ሁሉ የተከፋፈለው። አያታችን አፋቸውን የፈቱበት ሀዲይኛ ደግሞ አለ። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብና ቤት ቆጠራ ከ1.2 ሚሊዮን በላይ ሰው ሀዲያ ተብሎ ተመዝግቧል። ይህን ያህል ሕዝብ ያለው ቋንቋ በእኛ ስልክ የድምፅ ዝርዝር ውስጥ ስሙ እንኳ የለም።

መጀመሪያ በአማርኛው ሄድን። ብዙዎቻችሁ ለፕሮጀክት እንደምትሠሩት በአፕ ኢንቬንተር አንዲት ትንሽ አፕ ሠራን፤ ስልኩ የአማርኛውን ንግግር ይጽፋል፣ አፗ ቃሉን ታያለች፣ በብሉቱዝ ለአርዱይኖ ትነግራለች፣ አርዱይኖው ሪሌይ ይነካል፣ መብራቱ ይበራል። ይህን የምትሞክሩ ወንድሞችና እህቶች ሁለት ነገር ልብ በሉ። አንደኛ፣ የአማርኛውን ቃል እንዳለ በብሉቱዝ አትላኩት። እንግሊዝኛው ፊደል አንድ ባይት ሲይዝ የእኛ ፊደል አንዱ ሦስት ባይት ነው፤ አርዱይኖው ባይት በባይት ሲያነበው ትርጉም የሌለው ነገር ያያል። ቃሉን ስልኩ ይለየው፤ ወደ አርዱይኖው 1 ወይም 0 ብቻ ይሂድ። ሁለተኛ፣ ሞክሼ ፊደሎችን አስቡ። ለውሃ መሳቢያ የሚሆን ትእዛዝ ስንሞክር ስልኩ አንዴ "ውሃ"፣ አንዴ "ውሀ"፣ አንዴ "ውኃ" ብሎ ይጽፋል። ለአንባቢ ሦስቱም አንድ ናቸው፤ ለኮምፒውተር ሦስት የተለያዩ ቃላት ናቸው። ቃሉን ከማወዳደራችሁ በፊት ሐ እና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ መልሱ፤ ሃ፣ ሓ እና ኃ ዓይነቶቹንም እንዲሁ። በዚህ የተነሳ ፕሮጀክቱ "አንዳንዴ ይሠራል አንዳንዴ አይሠራም" እያለ ሲበሳጭ የከረመ ጓደኛ አለን።

የአማርኛው ሌላ ጣጣ የትእዛዙ ቃል ነው። በእንግሊዝኛ ማዘዣው አንድ ነው። በእኛ "አብራ" አለ፣ "አብሪ" አለ፣ "አብሩ" አለ፣ "ያብሩ" አለ። ስልኩ በሴት ድምፅ ስለሚናገር አያታችን "አብሪልኝ እስቲ ልጄ" ይሉታል፤ እኛ ያስገባነው "አብራ"ን ነበርና የ"አብሪልኝ"ንም ቤተሰብ ሁሉ ጨመርን። "መብራት" የሚለው ቃልም ሁለት ፊት አለው፤ አምፖሉም መብራት ነው፣ ኤሌክትሪኩም መብራት ነው። "መብራት የለም እንዴ?" ሲሉ አብሩልኝ ማለታቸው ነው ወይስ ዛሬ ሄዷል ወይ ብለው መጠየቃቸው? ሰው ከሁኔታው ይለያል፤ ማሽኑ አይለይም። ከሁሉ የከፋው ግን "አብራ" እና "አጥፋ" ናቸው። ሁለቱም አጭር፣ ሁለቱም በአ ጀምረው በረጅም አ ድምፅ የሚያልቁ። ጥርስ የጎደለው አፍ ሲናገራቸው የመካከሉ ተነባቢ ይደበዝዛል፤ የሚቀረው አናባቢው ነው፤ አናባቢያቸውም ተመሳሳይ ነው። ተቃራኒ ትርጉም ላላቸው ሁለት ቃላት ከዚህ የባሰ ጥንድ የለም።

በዚህ ላይ ኔትወርክ ሲጠፋ አፗም ትዘጋለች። አያታችን ደግሞ በሌሊት ከእንቅልፍ ሲነቁ በአማርኛ አይናገሩም፤ በሀዲይኛ ነው። ሰው ሲደነግጥና ሲታመም የሚመለሰው ወደዚያው ነው። ስለዚህ ስልኩን ተውነው።

ያገኘነው ሌላ ነገር ነው። ከአዲስ አበባ በሹፌር እጅ ያስመጣነው አንዲት የድምፅ መለያ ሞጁል አለች፤ ከክብሪት ቀፎ ብዙም አትበልጥም። ኢንተርኔት አትፈልግም፤ ቋንቋም አታውቅም። የአንድን ሰው ድምፅ ትቀዳለች፤ በኋላ የሰማችውን ከቀዳችው ጋር ታመሳክራለች። 80 ቃል ትይዛለች፤ በአንድ ጊዜ የምታዳምጠው ግን 7 ብቻ ነው፣ እያንዳንዱም ከአንድ ሰከንድ ተኩል መብለጥ የለበትም። ትእዛዙ አማርኛ ይሁን ሀዲይኛ ወይም ዐረብኛ ለእሷ ግድ የላትም። ትልልቆቹ ረዳቶች ከሚችሉት አንጻር ሲታይ ይህ ኋላ ቀር ቴክኖሎጂ ነው። ለአንዲት እናት፣ ለአንድ ክፍል፣ ለሦስት ትእዛዝ ግን ከእነሱ ትበልጣለች።

ስናሠለጥናት "ተናገር" ትላለች፣ ቀጥላ "ድገም" ትላለች፤ ሁለቱ ካልገጠሙ እንደገና ታስጀምራለች። መድረሳ የተማረ ሰው ይህን ያውቀዋል። ኡስታዙ ያሰማል፣ ተማሪው ይደግማል፣ ካልገጠመ እንደገና። ቃፍን ከካፍ፣ ሷድን ከሲን ለመለየት ስንት ቀን እንደተቀመጥን እናስታውሳለን። እዚህ ልዩነቱ አስተማሪዋ አያታችን፣ ተማሪዋ ማሽኗ መሆኗ ነው። አያታችን ተማሪያቸው ስታስቸግራቸው "አንቺም እንደነዚህ ልጆች ነሽ" አሏት።

ቃሉን እንዲመርጡ ለእሳቸው ተውንላቸው፤ እኛ ያልነው ሁለት ነገር ብቻ ነው፣ አጭር አይሁን፣ ሁለቱ አይመሳሰሉ። መጀመሪያ "ኑር" አሉ። ውብ ቃል ነው፤ ግን አንድ ክፍለ ቃል ብቻ ስለሆነ ሳል እንኳ ሊያስመስለው ይችላል። ቀጥለው "ስነሳ ቢስሚላህ ስለምል እሱ ይሁን" አሉና ወዲያው ራሳቸው ተዉት፤ "ስበላም ስጠጣም እላለሁ፤ ደግሞ ስሙን ለማሽን መጥሪያ አላደርግም" አሉ። በኢንጂነሪንግም በአደብም የተሻለ መልስ አልነበረንም። በመጨረሻ ለማብሪያ "ዳለቻ" አሉ፤ ድሮ የነበረቻቸው ላም ስም ነው። ለማጥፊያ "ይበቃል"። ሁለቱ በምንም አይገናኙም። ሦስተኛው ማድ ቤት ያለችውን ደወል የሚያስጮኸው "ዎኦ" ነው፤ በሀዲይኛ ውሃ ማለት ነው። ይህኛው ትንሽ አስቸግሯል፤ መካከሉ ላይ ድምፁ በጉሮሮ ስለሚቋረጥ ሞጁሏ ቃሉ ያለቀ ይመስላታል። ሁለት ጊዜ አከታትለው "ዎኦ ዎኦ" እንዲሉ ስናደርግ ተስተካከለ።

የሰው ድምፅ ከሰዓት ሰዓት እንደሚለያይም አየን። ከሰዓት በኋላ ቡና ጠጥተው የተቀዳው "ዳለቻ" ሌሊት ከእንቅልፍ በነቃ ጎርናና ድምፅ ሲጠራ አይታወቅም። ለሱብሒ ሲነሱ ጠብቀን ያንኑ ቃል እንደ ሌላ ትእዛዝ አስቀዳን፤ ሁለቱም አንድ ሪሌይ ይነካሉ። ማይኩንም በሚተኙበት በኩል፣ ከአልጋው ራስጌ አሰርነው። አምፖሉንም ቀየርነው፤ በሶላር ባትሪ የምትሠራ 12 ቮልት አምፖል አደረግንላቸው፤ ስለዚህ መብራት ቢሄድም ዳለቻ ትሰማለች። በዚህም ከ220 ቮልት ጋር መነካካት ቀረ። በ220 የምትሠሩ ካላችሁ ከቆጣሪው ሳታጠፉ ሽቦ አትንኩ። ብዙዎቹ የሪሌይ ሞጁሎች ደግሞ የሚነሱት ትእዛዙ ዜሮ ሲሆን ነው፤ ኮዱ ላይ መነሻውን ካላስተካከላችሁ ኤሌክትሪክ በተመለሰ ቁጥር ሪሌዩ ቀጭ ብሎ በራሱ ያበራል።

ሌላም ምክንያት ነበረን። በሴቶች መኝታ ክፍል ውስጥ ሌት ተቀን የተከፈተ፣ የሰማውን ባሕር ማዶ የሚልክ ማይክ ማስቀመጥ ልባችንን አላረካውም። እ.ኤ.አ. በ2019 የአማዞን፣ የጎግልና የአፕል ረዳቶች ከቀዱት ጥቂቱን ለጥራት ፍተሻ ሰዎች ያዳምጡት እንደነበር በጋዜጦች ወጥቷል። አፕል ሲሪ ሳትጠራ ትቀዳለች በሚል የቀረበበትን ክስ፣ ጥፋቱን ባያምንም፣ በ95 ሚሊዮን ዶላር ለመቋጨት መስማማቱ በ2025 መጀመሪያ ተዘግቧል። የሰውን ጓዳ ማዳመጥ በዲናችን ምን እንደሆነ ለእናንተ መንገር አያስፈልግም። አያታችን ሌሊት የሚያደርጉት ዱዓ የእሳቸውና የጌታቸው ነው። ሞጁሏ ከሦስቱ ቃላት ውጭ የሰማችውን አታስቀምጥም፤ ብታስቀምጥም የምትልክበት መንገድ የላትም።

የሰፈራችን ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ይህን ሁሉ አይቶ "ከአልጋው ጎን ሁለተኛ ማብሪያ ብትገጥሙ አይበቃም ነበር?" ብሎን ነበር። ጥሩ ጥያቄ ነው። ባይወድቁ ኖሮ፣ እጃቸውም ባይንቀጠቀጥ ኖሮ ይበቃ ነበር። ግን ምክሩን አልጣልነውም፤ ከአልጋው በላይ በገመድ የሚሳብ ማብሪያ ገጠምን። ድምፅ የሚያዘውን ሁሉ በእጅም ማዘዝ መቻል አለበት፤ ሰው ጉንፋን ይይዘዋል፣ ድምፁ ይዘጋል። ደግሞም ሞጁሏ የምታውቀው የእሳቸውን ድምፅ ብቻ ስለሆነ ሊጠይቃቸው የመጣ እንግዳ "ዳለቻ" ብሎ ቢጮህ መልስ አያገኝም። ልጆቹ ሞክረው አቅቷቸዋል፤ አያታችን በዚህ በጣም ደስ ይላቸዋል።

ያልፈታነው ዝናቡን ነው። ቤቱ ቆርቆሮ ነው። የሐምሌ ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ እንኳን ሞጁሏ እኛም አጠገባችን ያለውን ሰው አንሰማም። ማይኩን በጨርቅ ሸፈንነው፤ ትንሽ ረዳ። ወደ አፋቸው አቀረብነው፤ ገመዱ አስቸገራቸው። ዝናብ በሚጥልበት ሌሊት የሚሠራው የገመዱ ማብሪያ ነው። በክረምቱ እረፍት ከጣሪያው ሥር ኮርኒስ ለመምታትና ከአንገት ልብሳቸው ጋር የምትያዝ ትንሽ ማይክ ለመሞከር አስበናል፣ ኢንሻአላህ። ከእናንተ መካከል በቆርቆሮ ቤት ውስጥ የዝናብን ድምፅ ከሰው ድምፅ ለይቶ ያወቀ ካለ ከዒሻ በኋላ ቢያገኘን፣ ሻዩ በእኛ ነው።

አንድ ነገር ለጀመዓችን እንጠይቅ። በ2023 (እ.ኤ.አ.) ከ1,100 በላይ ቋንቋዎችን የሚሰማ ሞዴል በሜታ ተሠርቶ ነበር። ሠሪዎቹ ለእነዚያ ሁሉ ቋንቋዎች ድምፅ ያገኙት በብዛት ከአዲስ ኪዳን ንባብ ቅጂዎች ነው፤ ጽሑፉም ድምፁም አብረው ስላሉ። በየስልካችን ሜሞሪ ላይ በሀዲይኛ፣ በስልጥኛ፣ በአማርኛ የተቀዱ ስንት ሰዓት ደርሶች አሉ? ከኡስታዞቹ ፈቃድ ተጠይቆ፣ በየሳምንቱ አሥር ደቂቃ ያህሉን ቃል በቃል ለመጻፍ ፈቃደኛ የሆነ ስሙን በመስጂዱ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ባለው ወረቀት ያስመዝግብ። እኛ ሁለታችን የሀዲይኛውን ጀምረናል፤ አንዱን ደቂቃ ለመጻፍ ሩብ ሰዓት ያህል እየወሰደብን ነው።